ስለ መሬታችን የሚወስነው ወንበር
የምርጫ ክልልና የሕዝብ ተወካዮች ታሪክ በምሥራቅ ጎጃም አርሶ አደር ዓይን

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚዘጋጀው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ትስስር የሚጽፉ ባልደረቦች እንደማይጠፉ አምናለሁ። እኔ የመረጥሁት ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ያለ ነው፤ እርሱም ውክልና ነው። እንደሚታወቀው የዩኒየን ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወኪሎቻቸውን መርጠው ይልካሉ። አንዳንዱ ወኪል በተመለሰ ማግስት አባላቱን ሰብስቦ ስለ ትርፍ ክፍፍሉ፣ ስለ ማዳበሪያው ዋጋ፣ ስለተወሰነው ሁሉ ያስረዳል። አንዳንዱ ደግሞ ውሎ አበሉን ተቀብሎ ዝም ይላል። አባላቱ የተወሰነውን ነገር በገበያ መንገድ ላይ ከሌላ ቀበሌ ሰው ይሰሙታል። ያን ጊዜ «ለመሆኑ ይህ ሰው የማን ወኪል ነው?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም።

ይህ ጥያቄ በእኛ ማኅበራት አልተጀመረም። አገራችን ምክር ቤት ካቋቋመችበት ከ1924 ዓ.ም. አንሥቶ በአርሶ አደሩ ስም የሚቀመጠው ማን ነው፣ የተቀመጠውስ ተመልሶ ለማን ይናገራል የሚለው ጉዳይ በየዘመኑ መልኩን እየለዋወጠ ሲነሳ ኖሯል። እኛ በምንኖርበትና በምንሠራበት በጎጃም ምድር ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የመጣው ከመሬት ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ የምክር ቤቶቹን ታሪክ ከላይ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከማሳው ወደ ላይም ማየት ይገባል ብዬ አስባለሁ።

ሕዝቡ ሳይመርጣቸው የተመረጡ

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲሆን አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱና ከሹማምንቱ መካከል ይሾሟቸው ነበር። ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባላል። የዚህኛው አባላት የሕዝብ እንደራሴዎች ቢባሉም ሕዝቡ አልመረጣቸውም። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይምረጡለት ተብሎ በሕጉ ተጻፈ። ይህ «እስኪበቃ ድረስ» የተባለው ጊዜ የጠላት ወረራ የወሰደውን ዘመን ጨምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ።

በዚህ መካከል በጎጃም ያለው ገበሬ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የጎጃም ገበሬ በደቡብ እንደነበረው ጭሰኛ በሰው መሬት ላይ የሚያርስ አልነበረም። አብዛኛው በአባትና በእናት ዘር የሚቆጠር የርስት ባለቤት ነበር። የሚፈራው ቀላድን ነው። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ሲሆን መሬቱ ከተለካ ርስቱ የመንግሥት ይሆናል፣ ግብሩም ይከብዳል የሚል ሥጋት በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር። ከነፃነት መመለስ በኋላ ግብር በጋሻ እንዲከፈል በ1937 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣ ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግራይ እንደ ቀድሞው ግብራቸውን እንዲከፍሉ የተተዉት በዚሁ ምክንያት ነው። ልብ በሉ፤ ይህን ልዩ ሁኔታ ያስገኘው የሕዝቡ እምቢታ እንጂ ምክር ቤት የተቀመጠ እንደራሴ አይደለም።

የምርጫ ክልል ሲመጣ

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ታወጀ። የምርጫ ክልል የሚባለው ነገር በአገራችን በሕግ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። አገሪቱ 200 ሺህ ያህል ሕዝብ በሚኖርባቸው የምርጫ ክልሎች እንድትከፈልና እያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴ እንዲልክ ተደነገገ። ሕዝባቸው ከ30 ሺህ በላይ የሆነ ከተሞች ደግሞ የራሳቸው እንደራሴ ተፈቀደላቸው። ዕድሜው 21 የሞላ ይመርጣል፤ ለመመረጥ 25 ዓመት ያስፈልጋል። የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ሆነ።

የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ተካሄደ። ለ210 መቀመጫ ነበር። ከተመረጡት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሲሆኑ በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ናቸው፤ ኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ከዚያ በኋላ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ምርጫ ተደርጓል። የፖለቲካ ፓርቲ ስላልተፈቀደ ሁሉም የሚወዳደረው በግሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አንቀጽ አለ። ለእንደራሴነት የሚቀርብ ሰው በሚወዳደርበት ክልል ነዋሪና የንብረት ባለቤት መሆን አለበት ይላል። አንድ ሰው የማያውቀውን አገር እንዳይወክል የተደረገ ነው ቢባል ያስኬዳል። በአርሲ፣ በሐረርጌ፣ በሲዳሞ፣ በከፋ ግን ትርጉሙ ሌላ ሆነ። በእነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች ከሚያርሰው ሕዝብ ብዙው ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛው እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ባለ መሬቱ፣ ነጋዴው ወይም የመንግሥት ሹሙ ሆነ። ዳኝነቱን ለአንባቢ እተዋለሁ፤ በእኔ አመለካከት ግን በዚህ ዘመን ውክልናን ከውስጡ የበላው ይህ አንቀጽ ነው።

ማስረጃው የጭሰኞች ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በእርሻ መሬት ኪራይ ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ የምርቱ ሦስት አራተኛ ነበር። አንድ ጭሰኛ አራት ቁና ቢያመርት ሦስቱን ለባለ መሬቱ ቢሰጥ እንኳ ሕግ አልተጣሰም ማለት ነው። በተግባር እርቦ፣ ሲሶና እኩል የተለመዱት ነበሩ። ይህን ለማሻሻል ኪራዩን የሚገድብ፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን የሚያስገድድና ጭሰኛው ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነቀል የሚከላከል ረቂቅ ሕግ ተዘጋጅቶ ለምክር ቤት ቀረበ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ሰልፍ የወጡት በዚህ ጉዳይ ላይ ክርክር በነበረበት ወቅት ነው። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። ሚኒስቴሩም ረቂቁን ደጋግሞ አቀረበ። ረቂቁ እየቀረበ፣ እየተመለሰ፣ እየተሻሻለ እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። በሁለቱም ምክር ቤቶች የተቀመጡት አብዛኞቹ ከመሬት ኪራይ የሚያገኙ ስለነበሩ በራሳቸው ገቢ ላይ እጃቸውን ሊያወጡ አልቻሉም። በእነዚያው ዓመታት በጭላሎ የተጀመረው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር ሲያስፋፋ መሬቱ ትርፍ ማስገኘት በመጀመሩ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን ማስነሳት ጀመሩ። እኛ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ታሪክ ማወቅ አለብን። የውክልናና የመሬት ጥያቄው ሳይመለስ የሚመጣ ማዳበሪያ ገበሬውን ከመሬቱ ሊያስነቅለውም ይችላል።

በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የሆነው

ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ከጥንት ጀምሮ ይከፈል የነበረውን አሥራት አስቀርቶ ግብሩን በምርቱ ገቢ መጠን ያደርገዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ የሚያመርት ብዙ ይከፍላል። አዋጁም የሕዝብ እንደራሴዎች ባሉበት ምክር ቤት ያለፈ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቾች ወደ ማሳው ሲመጡ ያየው ቀላዱን ነው። ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል አለ። በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገማቾችን አናስገባም ያለው ሕዝብ ተሰባስቦ መሣሪያ አነሳ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ዘመተ፤ መንደር ተደበደበ፤ ሰው ሞተ።

በመጨረሻ ያሸነፈው ማን እንደሆነ በታሪክ የታወቀ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነስተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱም ግብር እንደታሰበው በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። እንግዲህ አስቡት፤ ጎጃም በዚያ ምክር ቤት እንደራሴዎች ነበሩት። ከመካከላቸው የሕዝቡን ሥጋት አስቀድሞ ተረድቶ ሕዝቡን ያወያየ፣ ሕጉንም በቋንቋው ያስረዳ ቢገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር ማለት ድፍረት አይመስለኝም። ገበሬው በድምፁ ሊያገኝ የሚገባውን በጥይት ማግኘቱ ለገበሬውም ለመንግሥትም ኪሳራ ነው።

ከገበሬ ማኅበር እስከ ሸንጎ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ተዘጋ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ለአሥር ዓመት ያህል ሳይጸድቅ የተንከባለለው የጭሰኛ ጉዳይ በአንድ ቀን አለቀ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሔክታር ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። በእነዚህ ማኅበራት ሊቀመንበር ሆኖ የሚመረጠው ራሱ አራሽ ነው። ከ10 ሔክታር በላይ መሬት የነበረው ሰው መሬቱ ተከፋፍሎ እስኪያበቃ ድረስ አባል እንኳ መሆን አይችልም ነበር። የ1948ቱ ሕግ ንብረት የሌለውን እንዳይመረጥ አግዶ ነበር፤ የ1967ቱ ደግሞ ብዙ ንብረት የነበረውን አገደ። ገበሬው የፍርድ ሸንጎ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊ ሆነ። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ማኅበራቱ ሕጋዊ ሰውነት አገኙ፤ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ተስፋፉ። ከዛሬዎቹ መሠረታዊ ማኅበሮቻችን አንዳንዶቹ ግምጃ ቤታቸውን ያገኙት ከእነዚያ ነው።

በእኔ ግምት እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ገበሬው ከራሱ መካከል ወኪሉን መርጦ ያስቀመጠባቸው ነበሩ። ዳሩ ግን አልዘለቀም። የመላው ኢትዮጵያ ገበሬዎች ማኅበር በ1970 ዓ.ም. ሲደራጅ የማኅበሩ መሪ ከታች ወደ ላይ የሚናገር መሆኑ ቀርቶ ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ የሚያወርድ ሆነ። እህል በቁርጥ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚያስገባበት ኮታ መጣ። ጎጃም ከአርሲና ከሸዋ ጋር ኮታው ከከበደባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ ነበር። ኮታውን ከየቤቱ የሚሰበስበው ያው ገበሬው የመረጠው ሊቀመንበር ነው። ለወታደርነት የሚመለምለውም እርሱ ነው። የጎረቤቱን ጤፍ በገበያ ዋጋ እንዳይሸጥ የሚከለክል ወኪል ጎረቤቱን ሊወክል ይችላልን?

በጥር 1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ፤ በሰኔ ወር ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ተመረጡ። ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት ኢሠፓ፣ የብዙኃን ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። ለአንድ ወንበር ሦስት ያህል ዕጩ ሊቀርብ ይችላል፤ ሦስቱም ግን ያለፉት በአንድ ወንፊት ነው። ገበሬዎችም በሸንጎው ተቀምጠዋል። ስለ ሸንጎው ከዚህ በላይ የምለው የለም። ለእኛ አካባቢ የተወው ነገር ቢኖር ስሙን ነው፤ ጎጃም ተከፍሎ ምሥራቅ ጎጃም የሚባል አስተዳደር ደብረ ማርቆስን ማዕከል አድርጎ የተመሠረተው ያን ጊዜ ነውና። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቀረ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ የብዙ አገልግሎት ማኅበራት መጋዘን ተዘረፈ። ይህም ስለ ውክልና አንድ ነገር ይነግረናል። ሕዝቡ የራሴ ነው ብሎ ያመነውን መጋዘን እንዲያ ባለ መልኩ አይዘርፍም።

ባሕር ዳር ያለው ወንበር

ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት ዓይነት ተወካይ አለን። አንደኛው በአዲስ አበባ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚቀመጥ ነው። ሁለተኛው በባሕር ዳር በአማራ ክልል ምክር ቤት የሚቀመጥ ነው። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በመጀመሪያው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ለአርሶ አደሩ ይበልጥ ቅርብ የሆነው የክልሉ ወንበር ነው ብዬ አምናለሁ። የገጠር መሬት አጠቃላይ ሕግ በፌዴራል ይወጣ እንጂ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ማን ስንት ጥማድ ይይዛል፣ መቼ ይሸጋሸጋል፣ ለማን ይወረሳል የሚለው በክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ተወስኗል።

ይህ በተግባር የታየው በ1989 ዓ.ም. ነው። የክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 16/1989ን አውጥቶ ቀደም ሲል ሽግሽግ ባልተካሄደባቸው አካባቢዎች መሬት እንደገና እንዲከፋፈል ወሰነ። ምሥራቅ ጎጃም ከነዚህ ዋነኛው ነበር። ሰው በሦስት ተመደበ ማለት ይቻላል። ተራው አርሶ አደር እስከ 12 ጥማድ፣ ማለትም እስከ 3 ሔክታር እንዲይዝ ተፈቀደለት። «ቅሪተ ፊውዳል» ወይም «ቢሮክራሲ» የተባለው ግን ከ4 ጥማድ ወይም ከ1 ሔክታር እንዳያልፍ ተደረገ። መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች ድርሻ አገኙ።

ቢሮክራሲ የተባሉት እነማን ነበሩ? በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሊቀመንበርነት፣ በዳኝነት፣ በመሳሰሉት ያገለገሉ ናቸው። ከላይ የጠቀስናቸው ኮታ ሰብሳቢዎች መሆናቸው ነው። አንዳንዱ በሥልጣኑ የባለገ ነበር፤ የጎረቤቱን መሬት የወሰደ ነበር። ሌላው ግን ጎረቤቶቹ በስብሰባ ስሙን ጠርተው እጅ አውጥተው ስላስቀመጡት ብቻ ያገለገለ ነው። ለሁሉም የተሰጠው ፍርድ አንድ ሆነ፤ ልጆቹም ከነስማቸው ተቀጡ። በዚህ ጊዜ ከምሥራቅ ጎጃም ጭምር አርሶ አደሮች አቤቱታ ይዘው እስከ አዲስ አበባ ተጉዘዋል። የክልሉ ተወካያቸው ባሕር ዳር እያለ፣ የፌዴራሉ ተወካያቸው አዲስ አበባ እያለ፣ ራሳቸው በእግርና በመኪና መሄዳቸው የወንበሩን ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሽግሽጉ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። መሬት ያገኘችው ባል የሌላት ሴትና መሬቱ የተቆረጠበት አባወራ አንድ መልስ አይሰጡም። በአንድ ነገር ግን ይስማሙ ይሆናል፤ አዋጁን ያወጣውን ወኪላቸውን በስም የሚያውቁት አልነበሩም። በሥራ ላይ እያለሁ የታዘብሁት ሌላም ውጤት አለ። ሰው ለኮሚቴ ተመረጥ ሲባል ወደ ኋላ ይላል። ነገ የሚመጣው በዚህ ስም ሊፈርድብኝ ይችላል ብሎ ይፈራል። በብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበር ምርጫ ላይ ብርቱው ገበሬ አንገቱን ሲደፋ ያየ ሰው ምክንያቱን ከ1989 ጋር ማያያዝ ይችላል።

ያው ምክር ቤት ግን ከዚያ ትምህርት ወስዶ ነው ለማለት የሚያስደፍር ሥራም ሠርቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዱ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው አዲስና ጉሊት ነበር፤ ሌላው በደቡብ ወሎ ገራዶ ነው። በቀበሌው ሕዝብ የተመረጡ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴዎች ደሞዝ ሳይከፈላቸው ከማሳ ማሳ እየዞሩ ወሰን አስምረዋል። የባልና የሚስት ስምም በአንድ ደብተር ላይ ሠፈረ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ አዋጅ ቁጥር 133 ደግሞ ሽግሽግ ከላይ በሚመጣ ውሳኔ እንዳይካሄድና ከአካባቢው ባለ ይዞታዎች 80 በመቶው ካልፈለጉት እንዳይሆን አሰረው። ከ1989 ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። ቀድሞ ለአርሶ አደሩ ተወሰነለት፤ አሁን ግን ከአሥሩ ስምንቱ እሺ ማለት አለባቸው። ይህ አዋጅ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 ሲተካ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝም ተፈቀደ።

ስንት ሰው ለአንድ ወኪል?

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። በ1948ቱ ሕግ 200 ሺህ ሕዝብ ሁለት እንደራሴ ይልክ ስለነበር አንድ እንደራሴ የሚወክለው 100 ሺህ ሰው ነው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 13 ሚሊዮን 800 ሺህ ያህል ነበር። ክልሉ በፌዴራሉ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው፤ ስለዚህ ለአንድ ተወካይ የሚደርሰው እንደገና 100 ሺህ ሆነ። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 17 ሚሊዮን 200 ሺህ ሲደርስ አንድ ተወካይ 125 ሺህ ያህል ሰው ተሸከመ። በዚያው ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም ብቻ 2 ሚሊዮን 150 ሺህ ያህል ሰው ነበረው። የመቀመጫው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ሕገ መንግሥቱ የፌዴራሉ ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ስለሚወስን ሕዝብ በጨመረ ቁጥር ወንበሩ ለእያንዳንዱ ሰው እየጠበበ ይሄዳል።

የክልሉ ምክር ቤት በዚህ በኩል ይሻላል። 294 መቀመጫ ስላለው በ1999ኙ ቆጠራ ሲሰላ አንድ አባል የሚወክለው 58 ሺህ 500 ያህል ሰው ነው። ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። አንድ አባል በእያንዳንዱ የሥራ ቀን አምስት ሰው ቢያነጋግር እንኳ በአምስት ዓመት የሥራ ዘመኑ ከ7 ሺህ በላይ ሰው ማግኘት አይችልም። ለዚህ ነው የተደራጀ አርሶ አደር ዋጋው የሚጨምረው። መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ከመጣ ተወካዩ በአንድ ቀን የብዙ መቶ አባወራና እማወራ ሐሳብ ይሰማል።

ሌላው ጉዳይ ተወካዩ ዓይኑን ወዴት ይጥላል የሚለው ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ብዙ ፓርቲዎች ተወዳድረው ተቃዋሚዎችም በርካታ ወንበር አሸንፈው ነበር። በ2002 ግን ከ547ቱ መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያላገኙት ሁለቱን ብቻ ነው፤ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ያዙት። በዚያ ጊዜ ወንበሩን የሚያስገኘው ዕጩ አድርጎ የሚያቀርበው ድርጅት ስለነበር ተወካዩ ከቀበሌው ይልቅ ወደ ድርጅቱ ቢያይ የሚያስደንቅ አልነበረም። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ቀጣዩ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል መራጮቹ አመኔታ ካጡበት በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ ይናገራል። ይህን አንቀጽ በስብሰባ ላይ ስጠቅሰው ብዙ አባላት ሲገረሙ አይቻለሁ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴን ጠቅላላ ጉባኤው በማንኛውም ጊዜ ሊያነሳው እንደሚችል ግን ሁሉም ያውቃል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ሰጥቶ፣ የሥራ አመራሩን ዘመን በሦስት ዓመት ገድቦ፣ በተከታታይም ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ያደረገ ሲሆን ሕጉ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 እስኪተካ ድረስ አባሎቻችን በዚያው ለምደዋል።

በዚህ ረገድ ዩኒየናችንን የሚመለከት አንድ የተከፈተ ጉዳይ አለ። የ2009ኙ የክልሉ አዋጅ የመሬት መጠቀሚያ መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል፤ የፌዴራሉ አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324ም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ይህ ለማዳበሪያና ለበሬ መግዣ ገንዘብ ለሚያስፈልገው አባል ትልቅ በር ነው። ብድሩ ባይመለስ ግን ያ ማሳ ለስንት ዓመት ከቤተሰቡ እጅ ይወጣል? ሚስት ካልፈረመችስ? ልጆቹስ? እነዚህን ጥያቄዎች የቁጠባና ብድር ማኅበሮቻችን አባላት በየስብሰባው ያነሳሉ፤ እኔም የአዋጁን አንቀጽ ከማንበብ አልፌ ልመልስላቸው አልችልም። መመሪያው በሚዘጋጅበትና በሚሻሻልበት ጊዜ ባሕር ዳር ለተቀመጡት የየወረዳችን ተወካዮች በጽሑፍ የሚቀርብ የአባላት ጥያቄ ከመሠረታዊ ማኅበራቱ ተሰብስቦ በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ላይ ቢያዝ፣ ተወካዮቹም በዚያው ቀን ተጋብዘው ቢገኙ የሚል ሐሳብ ለሥራ አመራር ቦርዱ አቅርቤአለሁ።